ከሰሌዳው በታች ተጭኖ የሚግል ትራንስፎርመር፦ ለሃርሞኒክ ከረንት የሚሆነው እንዴት ይነደፋል፣ እንዴትስ ይታዘዛል?

ጥያቄው፦ «1000 ኬቪኤ የሆነ ካስት ሬዚን ትራንስፎርመር አለን። ከ20 ኪሎቮልት ወደ 400 ቮልት ያወርዳል፤ ኢምፒዳንሱ 6% ነው። የጭነቱ አብዛኛው ክፍል ባለ 6 ፐልስ የሞተር ድራይቭ ነው። ትክክለኛ አርኤምኤስ በሚያነብ ክላምፕ ስንለካ 1200 አምፔር እናገኛለን፤ ሰሌዳው ግን 1443 ይላል። ሆኖም ከሰዓት በኋላ የጥቅሉ ሙቀት 140 ዲግሪ እየደረሰ አላርሙ ይጮኻል። ካፓሲተሩን ነጥለን የለካነው ሃርሞኒክ ከመሠረታዊው አንጻር 5ኛው 32%፣ 7ኛው 14%፣ 11ኛው 7%፣ 13ኛው 4%፣ 17ኛው 3%፣ 19ኛው 2% ነው። የፋብሪካው የፈተና ወረቀት ጠቅላላ የጭነት ብክነቱን 9.0 ኪሎዋት፣ ከሬዚስታንስ የተሰላውን 8.0 ኪሎዋት ይለዋል፤ ከዚህ ውስጥ 3.8ቱ የ400 ቮልቱ ጥቅል ድርሻ ነው። 350 ኪሎቫር ካፓሲተር አለን፤ ሪአክተር የለውም። ጭነቱ ወደ 1400 አምፔር ስለሚያድግ አዲስ ትራንስፎርመር ልናሠራ ነው። አንዱ ኬ-20 ግዙ፣ ሃርሞኒኩን ያጠፋላችኋል ይላል። ሌላው 1600 ኬቪኤ ይበቃል ይላል። ሦስተኛው ኮሩን አወፍራችሁ ኒውትራሉን እጥፍ አድርጉ ይላል። የፓነላችን ብሬከሮች የሚችሉት 36 ኪሎአምፔር ነው። ትዕዛዙ ላይ ምን እንጻፍ?»

ሰሌዳው ላይ ያለው 1443 አምፔር ቅድመ ሁኔታ አለው። ትራንስፎርመሮች በተለመደው ደረጃ ሲነደፉ በጭነቱ ከረንት ውስጥ ያለው ሃርሞኒክ፣ ማለትም በ50 ሄርዝ ብዜቶች የሚፈሰው ክፍል፣ ከ5% እንደማይበልጥ ይታሰባል። የእርስዎ 36% ነው። ስለዚህ «1200 ከ1443 ያንሳል» የሚለው ንጽጽር ከመጀመሪያው አይሠራም፤ ሁለቱ ቁጥሮች የሚያወሩት ስለተለያየ ሞገድ ነው። አምፔር ሜትሩ አልዋሸም፤ ግን ጥቅሉን የሚያቃጥለው ነገር በአምፔር ብቻ አይለካም።

የጭነት ብክነት ከሦስት ቦታ ይመጣል። የመጀመሪያው ከረንቱ በሽቦው ሬዚስታንስ ሲያልፍ የሚፈጠረው ነው፤ ይህ የአርኤምኤሱን (የከረንቱን ሙቀት ሰጪ መጠን) ስኩዌር ብቻ ስለሚከተል ሃርሞኒኩ ብዙም አያባብሰውም። ሁለተኛው ኤዲ ከረንት ነው። በሁለቱ ጥቅሎች መካከል የሚያፈተልከው መግነጢሳዊ መስክ በሽቦው አካል ውስጥ ሲያልፍ፣ እዚያው ሽቦ ውስጥ የሚሽከረከር ከረንት ያስነሳል። ይህ ብክነት የሚያድገው በሃርሞኒኩ ቁጥር ስኩዌር ነው፤ አንድ አምፔር 5ኛ ሃርሞኒክ ከአንድ አምፔር መሠረታዊ ከረንት 25 እጥፍ፣ 7ኛው 49 እጥፍ፣ 13ኛው 169 እጥፍ ኤዲ ብክነት ያመጣል። ሦስተኛው ከጥቅሉ ውጭ፣ በኮር መጭመቂያ ብረቶችና በመውጫ ባስባሮች አካባቢ የሚባክነው ነው። እሱም ያድጋል፤ ግን በ0.8 ፓወር ገደማ ብቻ ስለሆነ በካስት ሬዚን ትራንስፎርመር ላይ ዋናው ችግር አይደለም። በዘይት ትራንስፎርመር ላይ ግን ታንኩ ራሱ ስለሚግል ክብደት ይሰጠዋል።

አሁን ወደ እርስዎ ቁጥሮች እንሂድ። የእያንዳንዱን ሃርሞኒክ መጠን ስኩዌር አድርገው በሃርሞኒኩ ቁጥር ስኩዌር ያባዙና ይደምሩ፤ መሠረታዊውን በ1 ጨምረው 5.79 ይመጣል። ያለ ማባዛት የስኩዌሮቹ ድምር 1.13 ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ሲያካፍሉ 5.12 ያገኛሉ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ በእኩል አርኤምኤስ ከረንት፣ የእርስዎ ጭነት ከንጹህ 50 ሄርዝ ጭነት 5.12 እጥፍ ኤዲ ብክነት በጥቅሉ ውስጥ ያመጣል። ይህን ቁጥር አይትሪፕልኢ ሲ57.110 የተባለው መመሪያ የሃርሞኒክ ብክነት ፋክተር ይለዋል። ጭነቱን የሚገልጸው ዋና ቁጥር ይህ ነው፤ ግማሹ ነገር ግን ጭነቱ ላይ ሳይሆን ትራንስፎርመሩ ላይ ነው ያለው።

ከ9.0 ኪሎዋት 8.0 ሲቀነስ 1.0 ኪሎዋት ይቀራል፤ ይህ የሁለተኛውና የሦስተኛው ብክነት ድምር ነው። ያው መመሪያ የተሻለ መረጃ ከሌለ እንደ እርስዎ ካስት ሬዚን ባለ ደረቅ (ዘይት የሌለው) ትራንስፎርመር ከዚህ 67% የጥቅል ኤዲ ነው ብሎ እንዲወሰድ ይፈቅዳል፤ ለዘይት ትራንስፎርመር 33% ነው። ስለዚህ 0.67 ኪሎዋት፣ ማለትም ከሬዚስታንስ ብክነቱ 8.4%። በዚህ አማካይ ቁጥር ሲሰላ የሚፈቀደው ከረንት ከሰሌዳው 87% ይሆናል፤ 1256 አምፔር መሆኑ ነው። 1200 አምፔር እንግዲህ ከገደቡ በታች ያለ ይመስላል። ጠቅላላ ብክነቱንም ብናሰላው 8.2 ኪሎዋት ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ በሙሉ ጭነት ከተፈተነበት ከ9.0 እንኳ ያንሳል። ታዲያ አላርሙ ለምን ይጮኻል?

ሙቀቱ በእኩል ስለማይከፋፈል ነው። ኤዲ ብክነት በጥቅሉ ላይ አይዳረስም፤ የሚያፈተልከው መስክ በሚጠነክርበትና በሚጠማዘዝበት፣ በተለይ በውስጠኛው የ400 ቮልት ጥቅል ላይኛና ታችኛ ጫፍ ላይ ይከማቻል። መመሪያው የመስክ ስሌት በሌለበት፣ የቮልቴጅ ንጥጥሩ ከ4 ለ1 በላይና ከረንቱ ከ1000 አምፔር በላይ ለሆነ ትራንስፎርመር ከኤዲው 70% በውስጠኛው ጥቅል ላይ እንደሚያርፍ፣ በጣም በሚግለው ቦታ ደግሞ ከጥቅሉ አማካይ አራት እጥፍ እንደሚደርስ ይገምታል። የ0.67 ኪሎዋት 70% ወደ 0.47 ኪሎዋት ነው፤ ለ3.8 ሲካፈል 12% ገደማ፤ በአራት ሲባዛ 49%። በዚህ ቁጥር ሲሰላ የሚፈቀደው ከረንት ከሰሌዳው 65% ብቻ ይሆናል፤ 940 አምፔር ገደማ። ይህ የጥንቃቄ ግምት ነው፤ እውነተኛው ገደብ በ65 እና በ87 መካከል ይወድቃል፣ የት እንደሚወድቅ የሚያውቀው የጥቅሉን ንድፍ የያዘው አምራች ነው። በ83% ላይ የሚሠራው የእርስዎ ትራንስፎርመር ግን በሁለቱ መካከል ስላለ አላርሙ የሚያስደንቅ አይደለም። በሙቀት ካሜራ ተመልክተው «ምንም የለውም» ካሉም አይተማመኑበት፤ ካሜራው የሚያየው የውጩን የከፍተኛ ቮልቴጅ ጥቅል ገጽ ነው፣ የሚቃጠለው ከኋላው የተደበቀው ነው። የሙቀት ሴንሰሩ የሚለውን ይመኑ።

አንድ ነገር ግን አዲስ ትራንስፎርመር ሳይታሰብ ዛሬውኑ መደረግ አለበት፤ ካፓሲተሩን ይንቀሉት። 1000 ኬቪኤ በ6% ኢምፒዳንስ 16.7 ሜጋቪኤ የአጭር ዑደት አቅም ይሰጣል። ይህን ለ350 ኪሎቫር አካፍለው ስኩዌር ሩቱን ሲያወጡ 6.9 ይመጣል። ከላይ ያለው የመስመር ኢምፒዳንስ ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ ከ7ኛው ሃርሞኒክ ሠፈር አያወጣውም። ማለትም ካፓሲተሩና ትራንስፎርመሩ ተባብረው 7ኛውን ሃርሞኒክ የሚያጎላ ሬዞናንስ ሠርተዋል፤ የጎላው ከረንት ደግሞ በትራንስፎርመሩ ጥቅል ውስጥ ያልፋል። እርስዎ የለኩት ካፓሲተሩ ተነጥሎ ስለሆነ፣ አላርሙ በሚጮኽበት ሰዓት ያለው ትክክለኛው ይዘት ከዚህ የከፋ ነው። ከካፓሲተሩ ክፍሎች አንዳንዶቹ ሲጠፉም ሬዞናንሱ ወደ ላይ ይሸሻል፤ አንዳንዴ 11ኛው ላይ ሊያርፍ ይችላል።

«ፓወር ፋክተሩስ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። በድራይቮቹ መግቢያ ላይ ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ባለ 6 ፐልስ ዳዮድ ሬክቲፋየር ከረንቱን ከቮልቴጁ ብዙ አያዘገይም። በእርስዎ ሞገድ ላይ ፓወር ፋክተሩን የሚጎትተው የሞገዱ መዛባት ነው፤ መዛባቱ ብቻውን ወደ 0.94 ያወርደዋል፣ ይህን ክፍል ደግሞ የትኛውም ካፓሲተር አያስተካክለውም። በቀጥታ ለተያያዙ ሞተሮች ኪሎቫር የግድ ካስፈለገ 7% ሪአክተር ያለው ባንክ ይሁን፤ ይህ በ50 ሄርዝ ሲስተም ሬዞናንሱን ወደ 189 ሄርዝ አውርዶ ከ5ኛው በታች ያስቀምጠዋል። ሪአክተሩ በካፓሲተሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ወደ 430 ስለሚያሳድገው ነባሮቹን የ400 ቮልት ካፓሲተሮች ከአዲስ ሪአክተር ጋር አታጣምሩ፤ 440 ወይም 480 ቮልት የሚችሉ ያስፈልጋሉ። ነጠላ ፌዝ ጭነት በሚበዛበትና 3ኛው ሃርሞኒክ በሚያይልበት ቦታ 14% ይመረጣል፤ የእናንተ ግን 7% ነው።

ወደ ሦስቱ ምክሮች። ኬ-ፋክተር ያለው ትራንስፎርመር ሃርሞኒክ አያጠፋም፤ አንድም አምፔር አይቀንስም። ኬ-20 የሚለው ምልክት የሚናገረው ትራንስፎርመሩ ያን ያህል ኤዲ የሚያመጣ ከረንት ተሸክሞ ከተፈቀደለት ሙቀት እንደማያልፍ ብቻ ነው። ዩኤል 1561 በተባለው የአሜሪካ ስታንዳርድ አሠራር ኬ የሚሰላው ከረንቱን ከሰሌዳው ከረንት ጋር በማነጻጸር ስለሆነ ጭነቱ ሲቀንስ ኬም ይቀንሳል። የእርስዎ ዛሬ ባለው 1200 አምፔር 3.5 ነው፤ በ1400 አምፔር 4.8። ስለዚህ በ1000 ኬቪኤ ላይ ተራው ኬ-9 ነው፤ ኬ-20 ለማያስፈልግ መዳብና አሉሚኒየም መክፈል ነው። አውሮፓውያኑ በፋክተር ኬ ስም ሌላ ቀመር አላቸው፤ እሱ ትራንስፎርመሩ በስንት መቀነስ እንዳለበት የሚነግር ከ1 ትንሽ የሚበልጥ ቁጥር ነው። ሁለቱን አደባልቆ የጻፈ ትዕዛዝ የተሳሳተ ማሽን ይዞ ይመጣል።

1600 ኬቪኤው ምናልባት ሙቀቱን ይችል ይሆናል። 1400 አምፔር ከ2309 አምፔር 61% ስለሆነ ክፍተት አለው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በ6% ኢምፒዳንስ የአጭር ዑደት ከረንቱ 38 ኪሎአምፔር ያልፋል፤ ብሬከሮቻችሁ ደግሞ 36 ላይ ያቆማሉ። ይህ ብቻውን ምክሩን ይጥለዋል። በተጨማሪ የምንጩ ኢምፒዳንስ ሲቀንስ ድራይቮቹ የሚስቡት ከረንት ይበልጥ ይሾላል፣ 5ኛው ሃርሞኒክ ያድጋል። ትልቅ ማሽን ማለት ቀጭን ሽቦ ማለትም አይደለም፤ ማንም ካልጠየቀ አምራቹ ትልቁን በወፍራም ሽቦ ይጠቀልለዋል፣ የኤዲው ፐርሰንት ከትንሹ ሊበልጥም ይችላል።

ኮሩን ማወፈር ደግሞ የተሳሳተ በሽታ ማከም ነው። ኮሩ የሚያየው ቮልቴጅን እንጂ የጭነት ከረንትን አይደለም፤ የ5ኛ ሃርሞኒክ ቮልቴጅ በኮሩ ውስጥ የሚያመጣው ፍለክስ (መግነጢሳዊ ፍሰት) እንኳ ለ5 ተካፍሎ ነው። የፍለክሱን መጠን ከ1.7 ቴስላ ወደ 1.55 አካባቢ ማውረድ ድምፁን ይቀንሳል፣ ለከፍ ያለ ቮልቴጅ ክፍተት ይሰጣል፤ የጥቅሉን ጫፍ ግን አያቀዘቅዝም። ኒውትራሉን እጥፍ ማድረግ የሚጠቅመው ኮምፒውተር፣ ኤልኢዲ መብራትና የመሳሰሉት ነጠላ ፌዝ ጭነቶች ሲበዙ ነው። እዚያ የሦስቱ ፌዞች 3ኛ ሃርሞኒክ በኒውትራሉ ላይ ተደምሮ ከፌዙ ከረንት እስከ 1.73 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የእናንተ ድራይቮች በሦስት ሽቦ የሚሠሩ ስለሆኑ ኒውትራሉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ዴልታው (በሦስት ማዕዘን የተያያዘው ጥቅል) «ሃርሞኒክ ይይዛል» የሚባለውም ለ3ኛና ለብዜቶቹ ብቻ ነው፤ 5ኛና 7ኛ ሳይገቱ ያልፋሉ። 3ኛውንም ቢሆን ዴልታው አያጠፋውም፤ በራሱ ውስጥ ያሽከረክረዋል፣ በዚያው ይግላል፣ በመስመሩ ላይ ያለው መከላከያም አያየውም።

እንግዲህ ንድፉ። ቁልፉ የሽቦው ስፋት በመስኩ ፊት ነው። ለመስኩ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የሽቦው ልኬት በግማሽ ሲቀንስ በእኩል የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም መጠን ኤዲው ወደ ሩብ ይወርዳል። 8.4% የነበረውን ወደ 3% ለማውረድ 3.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ሽቦ በ2 ሚሊሜትር መተካት ይበቃል፤ አጠቃላይ መስቀለኛ ስፋቱን ለመጠበቅ ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት አለ። ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች እርስ በርስ ኢንሱሌት ሆነው በጥቅሉ ርዝመት ቦታ ካልተለዋወጡ፣ አንዱ ሁልጊዜ ጠንካራው መስክ ላይ ሌላው ደካማው ላይ ይቀመጣል። ጫፎቻቸው አንድ ላይ ስለተበየዱ በመካከላቸው የሚሽከረከር ከረንት ይነሳል፣ በቀጭን ሽቦ የተገኘው ትርፍም ይበላል። ስለዚህ «ስንት ሽቦ በትይዩ? የት የት ቦታ ይለዋወጣሉ?» ብሎ መጠየቅ ሽቦው ስንት ሚሊሜትር ነው ብሎ ከመጠየቅ አያንስም።

የ400 ቮልቱ ጥቅል በፎይል ከተሠራ ነገሩ ይለያል። ፎይሉ ቀጭን ስለሆነ ቁም ለቁም የሚሄደው መስክ ብዙ ኤዲ አያስነሳበትም፤ አማካይ ቁጥሩ ያምራል። ጫፉ ላይ ግን መስኩ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ የፎይሉን ሰፊ ገጽ ፊት ለፊት ያገኘዋል፣ ከረንቱም ወደ ላይኛውና ወደ ታችኛው ጠርዝ ይገፋል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሚሊሜትሮች ከመካከሉ ብዙ እጥፍ ከረንት ይሸከማሉ። መድኃኒቱ የሁለቱን ጥቅሎች ቁመት በትክክል ማስተካከልና የውጩ ጥቅል አምፔር-ተርን (ከረንቱ በዙር ብዛት ሲባዛ) በቁመቱ ላይ ሳይቆራረጥ እንዲዳረስ ማድረግ ነው። የቮልቴጅ ማስተካከያ ታፖቹ በከፍተኛው ጥቅል መካከል ላይ ትልቅ ክፍተት ከፈጠሩ እዚያም ተጨማሪ የጎን መስክ ይወለዳል፤ ታፖቹን በሁለት ቦታ መክፈል ይመረጣል። ፎይል ይሁን ሽቦ ብዬ ብመርጥ ለዚህ መጠን ፎይል እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም በአጭር ዑደት ጊዜ በቁመት የሚገፋውን ኃይል በጣም ይቀንሰዋል፤ ቅድመ ሁኔታዬ ግን አምራቹ የጠርዙን ሙቀት በመስክ ስሌት ማሳየቱ ነው።

በ5ኛው ሃርሞኒክ፣ ማለትም በ250 ሄርዝ፣ በ75 ዲግሪ ላይ ባለ መዳብ ውስጥ ከረንቱ የሚገባበት ጥልቀት 4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በ650 ሄርዝ 2.9። የጥቅሉ ሽቦ ከዚህ ቀጭን እስከሆነ የስኩዌሩ ሕግ ይሠራል። ወፍራም የመውጫ ባስባር ግን በዚህ ልኬት መሃሉ ሥራ ይፈታል፤ ስለዚህ አንድ ወፍራም ከመሆን በመካከላቸው ክፍተት ያላቸው ሁለት ቀጫጭኖች ይሁኑ፣ ሦስቱ ፌዞችም ተቀራርበው ይውጡ። በዙሪያቸው የሚዞር የተዘጋ የብረት ቀለበት አይኑር፤ የመግቢያው ሳህን ማግኔት ከማይስበው ስቲል ወይም ከአሉሚኒየም ይሁን።

ስለ ሙቀት ማስተካከያ ስሌት የሚረሳ ነገር አለ፦ የሬዚስታንስ ብክነት ከሙቀት ጋር ይጨምራል፣ የኤዲ ብክነት ግን ይቀንሳል። የፈተና ወረቀት ላይ ጠቅላላውን የጭነት ብክነት በአንድ አቅጣጫ ወደ 120 ዲግሪ ያሸጋገረ አምራች ኤዲውን አሳስቶ ሰጥቷል። አሉሚኒየም በእኩል ልኬት ከመዳብ ያነሰ ኤዲ ያመጣል፣ ሬዚስታንሱ ከፍ ስለሚል፤ እኩል ከረንት ለመሸከም ግን ወፍሮ ስለሚመጣ ጥቅሙ ይሰረዛል። ስለዚህ በሃርሞኒክ ምክንያት ብቻ መዳብ ይሁን ብሎ መወሰን ተገቢ አይደለም። በጥቅሎቹ መካከል የሚገባው ኤሌክትሮስታቲክ ስክሪን ጠቃሚ ነው፣ ግን ለከፍተኛ ድግግሞሽ ረብሻ እንጂ ለ5ኛና ለ7ኛ አይደለም። ከገባም ሁለቱ ጫፎቹ በኢንሱሌሽን ተለይተው ይደራረቡ፤ ከተገናኙ አጭር የሆነ ተርን ይሆንና ትራንስፎርመሩ ገና ሲበራ ይቃጠላል።

አሁን ትራንስፎርመሩ የማይፈታው ነገር። የሃርሞኒክ ከረንት በኢምፒዳንሱ ላይ ሲያልፍ ቮልቴጁን ያዛባል። ዛሬ በ1200 አምፔር፣ ካፓሲተሩ ባይኖር እንኳ፣ በዚሁ ትራንስፎርመር ላይ የ5ኛው ቮልቴጅ 7.5%፣ ጠቅላላ መዛባቱ 10% ገደማ ይሆናል። አይኢሲ 61000-2-4 የተባለው ስታንዳርድ ለተራ የኢንዱስትሪ መረብ የሚያስቀምጠው ገደብ ለ5ኛው 6%፣ ለጠቅላላው 8% ነው። በቀጥታ የተያያዙ ሞተሮችና መቆጣጠሪያዎች ይህን ይቀምሳሉ። ኢምፒዳንሱን መቀነስ መዛባቱን ያወርዳል፣ አጭር ዑደቱን ያሳድጋል፤ መጨመር በተቃራኒው። ስለዚህ የሃርሞኒኩ ምንጭ በሆኑት ድራይቮች ላይ ወይም ባስባሩ ላይ መሥራት አይቀርም።

አዳዲሶቹ ድራይቮች ትልልቅ ከሆኑ አንዱ መንገድ ሁለት ሰከንደሪ ያለው ትራንስፎርመር ነው፤ አንዱ ስታር፣ ሌላው ዴልታ። በመካከላቸው ያለው የ30 ዲግሪ ልዩነት 5ኛ፣ 7ኛ፣ 17ኛና 19ኛን በፕራይመሪው ላይ ያጠፋፋል። ሰከንደሪዎቹ ግን እያንዳንዳቸው ሙሉውን 5ኛና 7ኛ ይሸከማሉ፤ ለፕራይመሪው ብቻ አስቦ የተነደፈ ማሽን ይቃጠላል። ማጠፋፋቱም የሚሠራው ሁለቱ ወገኖች በቮልቴጅ፣ በኢምፒዳንስና በጭነት እኩል ሲሆኑ ነው። የዴልታው ተርን ብዛት የስታሩ 1.732 እጥፍ መሆን አለበት፣ ተርን ደግሞ ሙሉ ቁጥር ነው። ስታሩ 15 ተርን ሲሆን ዴልታው 26 ይሆናል፤ ስህተቱ ከ0.1% በታች ነው። ስታሩ 12 ከሆነ ዴልታው 21 ይሆንና ስህተቱ ወደ 1% ይወጣል። አንድ ፐርሰንት ትንሽ ይመስላል፤ የሁለቱ ወገን ሬክቲፋየሮች በአንድ ዲሲ ባስ ላይ ከተገናኙ ግን አንደኛው ብዙውን ጭነት ይወስዳል። እናንተ ጋ ድራይቮቹ ብዙና የተበታተኑ፣ ጭነታቸውም የሚቀያየር ስለሆነ ይህን መንገድ አልመክርም።

ምክሬ ይህ ነው። 1250 ኬቪኤ፣ 6% ኢምፒዳንስ እዘዙ። አጭር ዑደቱ 30 ኪሎአምፔር ስለሚሆን ብሬከሮቻችሁ ይችሉታል። ትዕዛዙ ላይ «ኬ ይህን ያህል» ከማለት ይልቅ የለካችሁትን የሃርሞኒክ ሰንጠረዥ እንዳለ አያይዙና «በዚህ ይዘት 1400 አምፔር ያለማቋረጥ፣ የኢንሱሌሽኑ ክፍል የሚፈቅደው የሙቀት ጭማሪ ሳይታለፍ» ብላችሁ ጻፉ። የጥቅሉ ኤዲ ብክነት በ50 ሄርዝ ከሬዚስታንስ ብክነቱ 3% እንዳይበልጥ ገድቡ። በዚህ ገደብ፣ የብክነቱ ክፍፍል አሁን ካለው ጋር ተቀራራቢ ከሆነ፣ ያ ጠንካራው የአራት እጥፍ ግምት እንኳ ተወስዶ የሚፈቀደው 1417 አምፔር ስለሚሆን 1400ው ይገባል። አምራቹ የግድ የኬ ምልክት ካለ፣ በ1250 ላይ የእናንተ ኬ 3.1 ስለሆነ ኬ-4 ይሸፍነዋል።

ከዚህ ጎን 300 አምፔር አክቲቭ ፊልተር፣ ማለትም ተቃራኒ ከረንት እየሰጠ ሃርሞኒኩን የሚያጣፋ መሣሪያ፣ በ400 ቮልቱ ባስባር ላይ አስገቡ። በ1400 አምፔር ጭነት የሃርሞኒኩ ድርሻ 470 አምፔር ገደማ ነው፤ ፊልተሩ ከ5ኛውና ከ7ኛው ሁለት ሦስተኛውን ካነሳ የቮልቴጁ መዛባት ወደ 6% አካባቢ ይወርዳል። ሁሉንም እንዲያጠፋ መሞከር ዋጋውን ያንራል እንጂ ተመጣጣኝ ጥቅም የለውም። ፊልተሩ አለ ብላችሁ ግን ትራንስፎርመሩን በቀለለው ይዘት አታሠሩ፤ ፊልተሩ ለጥገና በወጣ ቀን ሙሉውን የሚሸከመው ትራንስፎርመሩ ነው። መግቢያቸው ላይ ቢያንስ 3% ቾክ (ሪአክተር) የሌላቸው ድራይቮች ካሉም ፊልተሩ ከመግባቱ በፊት ይገጠምላቸው፤ ካልሆነ ፊልተሩ በሰጠ ቁጥር እነሱ የበለጠ ይስባሉ፣ እሱም ባዶውን ይደክማል።

ስትረከቡ ሁለት ነገር አትልቀቁ። የመጀመሪያው የእያንዳንዱ ጥቅል ሬዚስታንስና የጭነት ብክነቱ ለየብቻ፣ ሙቀታቸው ተጠቅሶ ይጻፍ፤ ያለዚህ ኤዲውን የምታውቁበት መንገድ የለም። ሁለተኛው የሙቀት ፈተናው ነው። በ50 ሄርዝ የሚፈተን ማሽን ሃርሞኒኩን እንዲያይ ከረንቱ ከፍ ተደርጎ ይፈተናል። ለምሳሌ አሁን ባለው ማሽን ላይ በሙሉ ከረንት በዚህ ይዘት ብክነቱ 11.9 ኪሎዋት ስለሚሆን፣ እኩል ሙቀት ለማምጣት በ50 ሄርዝ 115% ከረንት ያስፈልግ ነበር፤ ለአዲሱም አምራቹ በዚሁ መንገድ አስልቶ ያሳይ። ይህ ፈተና ጠቅላላውን ሙቀት በትክክል ያሳያል፣ የጠርዙን ግን አያሳይም፣ ምክንያቱም የጨመረው ብክነት በጥቅሉ ላይ ተዳርሶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በ400 ቮልቱ ጥቅል ላይኛ ጫፍ ላይ በሦስቱም ፌዝ ሴንሰር ይኑር፣ የመስክ ስሌቱም ከወረቀቱ ጋር ይምጣ።

አዲሱ እስኪመጣ ካፓሲተሩን ነቅላችሁ፣ የአየር መግቢያና መውጫው እንዳልታፈነ አይታችሁ፣ በተመሳሳይ ጭነት ሁለት ሦስት ቀን ሙቀቱን መዝግቡ። ከ140 በታች በቂ ርቀት ላይ ከቆመ አሁን ባለው ጭነት መቀጠል ይቻላል። ካልወረደ ጭነቱን ወደ 940 አምፔር አውርዱ። ፋን መጨመር ይረዳል፤ ግን ፋን የሚያቀዘቅዘው ገጹን ስለሆነ የአላርሙንም ሆነ የማቋረጫውን ገደብ ከፍ ለማድረግ ምክንያት አይሆንም። ሁለቱም ባሉበት ይቆዩ።